ስለ እቴጌ ሰብለ ወንጌል እናትነትና አያትነት

የነገሥታትን ዜና መዋዕል የጻፉ ሊቃውንት ብዕራቸውን የሚያነሡት ስለ ዘመቻና ስለ ሹመት፥ ስለ አብያተ ክርስቲያናት መታነጽና ስለ ጉልት መሰጠት ለመናገር ነው። የንጉሥ እናት በመጽሐፉ ውስጥ የምትገኘው መከራ በመጣ ጊዜ ብቻ ነው። ልጅ ሲማረክ፥ ባል ሲሞት፥ ዙፋን ሲናወጥ ስሟ ይነሣል፤ ነገሩ በተረጋጋ ጊዜ ደግሞ ከገጹ ላይ ትሰወራለች። ስለዚህ የአንዲት እናት ዕድሜ በሙሉ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የሚወድ ሰው፥ በአጨዳ ማግሥት ቃርሚያ እንደሚለቅም፥ ከብዙ ነገሥታት ታሪክ ውስጥ እዚህም እዚያም የወደቀውን ዛላ እያነሣ መሰብሰብ ይኖርበታል።

በዚህ ዓይነት ተለቅሞ ከሚገኘው ታሪክ ውስጥ የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን የሚያህል እምብዛም የለም። እኒህ እመቤት የአፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፥ የአፄ ገላውዴዎስና የአፄ ሚናስ እናት፥ የአፄ ሠርፀ ድንግል አያት ነበሩ። በአራት ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ብዙ ሊገኝ ይችላል፤ አራቱ ነገሥታት ባሉ፥ ሁለት ልጆቹና የልጅ ልጁ የሆኑለት ሰው ግን ብርቅ ነው። ያም ዘመን የዕረፍት ዘመን አልነበረም። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ረዥም ዕድሜ ያገኙት መንግሥቱ ሊጠፋ ከጫፍ ደርሶ በተመለሰበት ዘመን ነውና፥ የዕድሜያቸው ርዝመት ለሐዘናቸውም ርዝመት ሰጠው።

የታሪኩ መጀመሪያ ያለው ዛሬ መካነ ሰላም በተባለችው ከተማ ዙሪያ ባለው ምድር ላይ ነው። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ በስተ ምዕራብ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጋው ደጋ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን አማራ ሳይንት፥ ከሳይንት ወዲያ የበሽሎ ገደል ይገኛል። ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፥ በግ የሚረባበት፥ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ አገር ነው። ይህ ምድር በጥንት ዘመን ከቤተ አምሓራ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ የሰሎሞን ዘር የሆኑት ነገሥታት አብያተ ክርስቲያናታቸውንና መቃብራቸውን ከሸዋ ይልቅ በዚህ አገር አብዝተው ነበር። አፄ በእደ ማርያም ያከበሯት አትሮንሰ ማርያም በዚሁ በአምሓራ ምድር ነበረች። አፄ ናዖድ የጀመሩት፥ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴም እንደዚሁ።

ስለ አትሮንሰ ማርያም ሲነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ይኖር ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ይህ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ልጅዋን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቢሥላት፥ ግራ እጅ በአገራችን ልማድ የተናቀ ነውና በሕዝቡ ዘንድ ትልቅ ማጉረምረም ተነሣ። ሥዕሉ ግን በቦታው ጸና። የእናት ሥዕል እንኳ በየትኛው ክንድ ልጅዋን እንደምትይዝ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሥጋ ለባሽ የሆነችው እናት ልጅዋን በየትኛው ክንድ እንደ ያዘች ግን የጠየቀ የለም፤ እርሷ የምትይዘው ሌላው ክንዷ ሥራ ይዞ ስለ ሆነ ነው።

ሰብለ ወንጌል ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በወጣትነታቸው ነው። በዚያ ጊዜ በግቢው ውስጥ ሁለት ታላላቅ እመቤቶች ነበሩ። አንደኛዪቱ የልብነ ድንግል እናት እቴጌ ናዖድ ሞገሳ ናቸው። ሁለተኛዪቱ ከሐድያ የእስላም ገዥ ቤት ተወልደው፥ ክርስትና ተነሥተው፥ በብዙ ነገሥታት ዘመን በምክራቸው የታወቁት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱን ምክር የያዙት እሌኒ ነበሩ። የአርመኑን ማቴዎስን በ1502 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩትም እርሳቸው ናቸው። እሌኒ የሥጋ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሆኖም የቤተ መንግሥቱ ልጆች ሁሉ እናት ሁነው ኖሩ። ወጣቲቱ ሰብለ ወንጌል ከእኒህ ከሁለቱ እመቤቶች አጠገብ ሁነው ምን እንደ ተማሩ የጻፈ ጸሐፊ የለም። ነገር ግን ኋላ በመከራው ዘመን የሠሩት ሥራ፥ ዝም ብሎ ከማልቀስ ይልቅ መልእክተኛ መላክን፥ ጠላትንም በቃል መድረስን የሚያውቅ ሰው ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው።

በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች መጡ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ ያየውን በሰፊው ጽፏል። የአፄ ናዖድ ዐፅም ወደ መካነ ሥላሴ ሲፈልስም ተገኝቶ ሥርዓቱን ተመልክቷል። ያ ጊዜ የቤተ አምሓራ ክብር በምልአት የታየበት ጊዜ ነበር። ልጆችም በየተራ ተወለዱ፤ ፊቅጦር፥ ያዕቆብ፥ ገላውዴዎስ፥ ሚናስና እኅቶቻቸው። እቴጌይቱ በልጆች መካከል የኖሩበት ይህ ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል እንኳ ሳይዘልቅ በሰላም አልቆየም።

በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ድል አደረገ። በ1524 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አምሓራ ምድር ደረሰና መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ተቃጠሉ። ሁለቱም ምን ያህል ያማሩ እንደ ነበሩ ዛሬ ከሚታወቅባቸው መጻሕፍት አንዱ የኢማሙ ወገን የሆነው የዐረብ ፈቂህ መጽሐፍ ፍቱሕ አል ሐበሻ ነው። ይህ ጸሐፊ መካነ ሥላሴን በወርቅና በብር የተለበጠ፥ አባት ጀምሮት ልጅ የፈጸመው፥ ብዙ ዘመን የተደከመበት ሕንጻ ነው ብሎ በመደነቅ ጽፎታል። ያቃጠለው ወገን ጸሐፊ የተቃጠለውን ሕንጻ ውበት ለትውልድ አቆይቶ ሲሰጥ ማየት ለታሪክ ተመራማሪ የሚያስገርም ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የስደት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአምባ ወደ አምባ፥ ከቈላ ወደ ደጋ እየተሰደዱ ሲዋጉ ቤተ ሰባቸውም አብሮ ተንከራተተ። በ1531 ዓ.ም. የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ። በዚያው ዓመት ታናሹ ሚናስ ተማረከ። በ1532 ዓ.ም. የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ግሸን ተያዘ። በ1533 ዓ.ም. መስከረም 5 ቀን አፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፉ። እንግዲህ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አንዲት ሴት የበኵር ልጅዋን ቀበረች፥ ሌላው ልጅዋ በጠላት እጅ ገባ፥ ባልዋም ሞተ። መንግሥቱን የወረሰው ገላውዴዎስ ገና 18 ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነበር፤ እርሱም በሸዋ በኩል፥ ከእናቱ እጅግ ርቆ ነበር።

ደብረ ዳሞ ሴት የማይወጣበት ደብር እንደ ሆነ ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። ሆኖም ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋር የመጣው ሚጌል ደ ካስታኞሶ፥ ንግሥቲቱ በአምባው ላይ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተጠግተው እንደ ነበሩና በገመድ ወርደው እንደ መጡ ጽፏል። እንዲህ ያለ ዘመን ሰውን ብቻ ሳይሆን ሥርዓትንም ያስጨንቃል። እሌኒ ከ30 ዓመት በፊት የጻፉት ደብዳቤ ፍሬው የታየው በዚህ ጊዜ ነው። በ1533 ዓ.ም. ክረምት የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅም ንግሥቲቱን ከአምባው አስወርዶ ወደ ድባርዋ አመጣቸው። አንዲት ባልቴት ንግሥት፥ ጥቂት የአገር ጦርና 400 የባዕድ አገር ሰዎች ክረምቱን በድባርዋ አሳልፈው፥ በጋ ሲሆን በስተ ደቡብ ያለውን ወጣት ንጉሥ ለመገናኘት ጕዞ ጀመሩ።

በዚያ ጕዞ ሁሉ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከሠራዊቱ አልተለዩም። በበቅሎ ተቀምጠው፥ ደንገጡሮቻቸውን አስከትለው፥ በ1534 ዓ.ም. ብዙ ጦርነት በተደረገበት መንገድ አለፉ። በሚያዝያ ወር ሁለት ጊዜ ድል ሆነ፤ ኢማሙም ቈሰሉ። ነገር ግን ኢማሙ በባሕር ማዶ ካለው ከዘቢድ ፓሻ ብዙ ነፍጠኛ ስላገኙ፥ ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው በወፍላ ድል ወደ እርሳቸው ዞረ። ካስታኞሶ በዚያ ቀን የሆነውን ሲተርክ፥ ንግሥቲቱና ሴቶቻቸው የቈሰሉትን እየተቀበሉ ቍስላቸውን ያስሩ እንደ ነበረ ይናገራል። ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ። ከሞት የተረፉት ንግሥቲቱን ይዘው ወደ ተራራ ሸሹ። ስለ ጦር መሪው ሞት የሰሙ ጊዜ እንደ ወለዱት ልጅ አዝነው እንዳለቀሱለት ተጽፏል። ይህ ወጣት የራሳቸው እናት ከባሕር ማዶ ሁና የማትቀብረው ልጅ ነበርና፥ ለቅሶው ለእርሷም የተለቀሰ ነው ማለት ይቻላል።

በ1535 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ተራሮች እናትና ልጅ ተገናኙ። ገላውዴዎስ ከደቡብ ጥቂት ሰው ይዘው መጡ፤ የተረፉትን ፖርቱጋሎችና የተበተነውን የአገር ጦር አንድ አደረጉ። በዚያው ዓመት በየካቲት በወይና ደጋ ጦርነት ሆነ፤ ኢማም አሕመድም በዚያ ሞቱ።

ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የኢማም መሕፉዝ ልጅ ነበሩ፤ በባላቸው ዘመቻ ሁሉ አብረው የዘመቱ፥ በዘመቻም መካከል የወለዱ፥ ብርቱ ሴት ነበሩ። በወይና ደጋ ባላቸው በወደቁ ጊዜ ጥቂት ፈረሰኛ ይዘው አመለጡ። ልጃቸው መሐመድ ግን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ገባ። በሌላ ወገን ሚናስ በኢማሙ ቤት በተማረከበት ዘመን በክብር ተይዞ ነበር፤ የዘመኑ ልማድ የሆነው መሰለብ አልደረሰበትም። በ1534 ዓ.ም. ገደማ ግን ኢማሙ የጦር ርዳታ ለማግኘት ሲሉ ከሌላው ስጦታ ጋር ወደ የመን፥ ወደ ዘቢድ ፓሻ ልከውት ነበር። እንግዲህ የአንዲቱ እናት ልጅ በቀይ ባሕር ማዶ፥ የሌላዪቱ እናት ልጅ በድል አድራጊው ሰፈር ተቀምጠዋል። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተዋል። ሁለቱም በአንድ ጦርነት፥ ከሁለት ወገን፥ መበለት ሆነዋል።

በዚያ ሰዓት በሰፈሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበት፥ ወንድሙ የሞተበት፥ ርስቱን የለቀቀ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሠራዊት የኢማሙን ልጅ በሕይወት ማቈየት ቀላል ነገር እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም። የእቴጌይቱም ቤት ቢሆን ከሁሉ ይልቅ የተጎዳ ቤት ነበር፤ ፊቅጦርን የሚመልስ ምንም ነገር የለም። ነገር ግን እቴጌ ሰብለ ወንጌል ያዩት የሞተውን ልጅ ደም ሳይሆን በሕይወት ያለውን ልጅ ፊት ነው። ሁለቱ እናቶች ተላላኩ። ልጅ በልጅ እንዲለወጥ ተስማሙ። ጕዳዩ በዘቢዱ ፓሻ በኩል ማለፍ ስለ ነበረበት መልእክቱ ቈላውንና በረሃውን፥ ከዚያም ባሕሩን ተሻገረ፤ ጊዜም ወሰደ። በመጨረሻ ሚናስ በታላቅ ደስታ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ መሐመድም ወደ እናቱ።

ይህ ልውውጥ ጦርነቱን ለዘለዓለም አላቆመም፤ ኋላ እንደሚታየው ደም እንደ ገና ፈስሷል። ቢሆንም የዚያን ዘመን ታሪክ ሲተርኩ እሳቱንና ሰይፉን ብቻ ቈጥሮ ይህንን መዝለል ታሪክን ማጕደል ነው። በዐሥራ አምስት ዓመት ጦርነት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ፥ ልጅ ወደ እናቱ ይመለስ የሚለው ነው።

ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ሰው ይህ ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም። በቦረናም ሆነ በሳይንት፥ በወግዲም ሆነ በከላላ ክርስቲያንና እስላም የሚኖሩት በአንድ ቀበሌ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ነው። አያት ቆጥራ ስትናገር ከሰባቱ ቤት አንዱ በእመቤታችን ስም ማኅበር የሚጠጣ፥ ሌላው በመስጊድ የሚሰግድ ይሆናል። ለፋሲካ የተጠራ እስላም ዘመድ የራሱ ወገን ያረደው በግ ተለይቶ ይቀርብለታል፤ በዓረፋም ክርስቲያኑ እንደዚሁ። ይህን ሥርዓት የምታውቀው፥ ማን ከማን ጋር ምን እንደሚበላ፥ ማን ለማን ልቅሶ እንደሚደርስ የምትናገረው የቤቱ አሮጊት ናት። ባናዋን እየፈተለች፥ ልጆቹን በዙሪያዋ አስቀምጣ፥ የአባቶቻቸውን ስም የምታስቈጥረው እርሷ ናት። ስለ ግራኝ ዘመን ጦርነት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚተረክ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንዱን የልጅ ልጅ ባለ ዕዳ፥ ሌላውን ባለ ቂም አድርጎ የሚያወጣ አተራረክ ቤቱን ይከፍለዋል። የሰብለ ወንጌልንና የድል ወንበራን መላላክ ጨምሮ የሚተረክ ግን ለሁለቱም የልጅ ልጆች የሚሰጠው ነገር አለው።

በዚህ ላይ ለአካባቢው ሹማምንትና ካህናት ሊነገር የሚገባው አንድ የሥራ ነገር አለ። በየደብሩ ባለው ወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፥ የውርስና የግዢ ውል ተጽፎ ይገኛል፤ የባለ ርስት ወንዶች ስምም እንደዚሁ። የአንዲት ባልቴት ስም ግን ለቤተ ክርስቲያን መሬት ወይም መጋረጃ ካልሰጠች በቀር አይገኝም። ዛሬ በመካነ ሰላም የወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በዚያው አንድ ግቢ አለው። በሰማንያና በዘጠና ዓመታቸው የሚገኙት የቦረናና የሳይንት አሮጊቶች የሚያውቁት የዘር ሐረግ፥ የድርቁ ዘመንና የስደቱ ነገር፥ የእርቅና የሽምግልና ሥርዓት ከእነርሱ ጋር ከመቀበሩ በፊት ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይቻላል። ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀለም፥ ወረቀትና ትዕግሥት ያለው ሰሚ ይበቃዋል። ሥራው ሲጀመር ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ቤት ቢጀመር የተሻለ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አፄ ገላውዴዎስ መንግሥቱን ካቀኑ በኋላ የፈረሱትን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሱ፤ መጻሕፍት አጻፉ። የኢየሱሳውያን መልእክተኞች ሃይማኖታቸውን በነቀፉ ጊዜም በ1547 ዓ.ም. ያጻፉት የሃይማኖት መግለጫ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ነው። ተድባበ ማርያም የሚለው ስም በዜና መዋዕላቸው ከሥራዎቻቸው ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ በአማራ ሳይንት ያለችው ጥንታዊት ደብር ተድባበ ማርያምም ከስማቸው ጋር ትነሣለች። እናታቸው ይህን ሁሉ በሕይወት ሁነው አዩ።

ነገር ግን ባቲ ድል ወንበራም በሐረር በሕይወት ነበሩ። የባላቸውን ደም የሚመልስላቸውን ሰው እንደሚያገቡ ተናግረው እንደ ነበረ ይተረካል። የባላቸው የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ አገባቸውና ተነሣ፤ ይህ ሰው የሐረርን የጀጎል ግንብ ያሠራው ነው። በ1551 ዓ.ም. መጋቢት 27 ቀን፥ በሰሙነ ሕማማት፥ አፄ ገላውዴዎስ ከኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። በዚያ ሳምንት ሌላ እናት በቤተ ክርስቲያን ስለ ልጇ ስታለቅስ በሚነበብበት ጊዜ፥ የእቴጌ ሰብለ ወንጌል መርዶ መጣ። ልጅን በልጅ የለወጡት ሁለት እናቶች፥ አንዲቱ ከዓመታት በኋላ የሌላዪቱን ሌላ ልጅ ወሰደች። ይህን ለድል ወንበራ ክፋት ብቻ የሚሰጥ ሰው ይሳሳታል፤ የእርሳቸውም ባል በዚህኛው ወገን እጅ ሞቷል።

ገላውዴዎስ የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ከየመን የተመለሰው ሚናስ ነገሡ። እናት ከዓመታት በፊት ያደረጉት ልውውጥ ዙፋኑን ከባዶነት አዳነ ማለት ነው። የሚናስ ዘመን ግን አጭርና መራራ ነበር። እቴጌይቱን ከደብረ ዳሞ ያስወረደው ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ በ1553 ዓ.ም. ገደማ በልጃቸው ላይ ሸፈተ፤ ሸፍቶም የሌላውን ልጃቸውን የያዕቆብን ልጅ ታዝካሮን አነገሠ። እንግዲህ በአንድ ወገን የወለዱት ልጅ፥ በሌላ ወገን የልጅ ልጃቸው ሁነው ተዋጉ። ታዝካሮ ድል ሆነ፤ ተይዞም ተገደለ። ከውጭ የመጣውን መከራ ሁሉ ችላ ላለፈች ሴት ከሁሉ የከበደው ይህ ከገዛ ቤቷ የወጣው ሳይሆን አይቀርም። ለድል ወንበራ መልእክት መላክ ይቻል ነበር፤ በልጅና በልጅ ልጅ መካከል ግን መልእክት አልደረሰም።

በ1555 ዓ.ም. አፄ ሚናስ በሕመም ሞቱ። ልጃቸው ሠርፀ ድንግል ገና 13 ዓመት የሆነው ብላቴና ነበር። ዙፋኑን የሚመኙ ዘመዶች፥ ሐመልማልና ፋሲል የተባሉት መኳንንት፥ ጦር ነበራቸው። በዚህ ጊዜ የሠራዊቱ አለቆች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ተማክረው ብላቴናውን አነገሡ። የዕድሜያቸው የመጨረሻ ትልቅ ሥራ ይህ ነው። ባል፥ ከዚያ ልጅ፥ ከዚያ ደግሞ ሌላ ልጅ የነገሠበትን ዙፋን ለልጅ ልጅ አቆዩለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሐመልማልና የፋሲል ዐመፅ ተነሥቶ ሲበርድ፥ የብላቴናው ንጉሥ ቤት በሁለት ሴቶች፥ በእናቱ በአድማስ ሞገሳና በአያቱ በሰብለ ወንጌል ምክር ተደግፎ ነበር። ከእሌኒና ከናዖድ ሞገሳ አጠገብ ወጣት ሁነው የተቀመጡት ሴት አሁን በእሌኒ ቦታ ተቀመጡ።

እቴጌ ሰብለ ወንጌል በ1560 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። የልጅ ልጃቸው ሠርፀ ድንግል ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ነገሡ፤ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅም በ1571 ዓ.ም. በእርሳቸው ዘመን በጦርነት ወደቀ። የያዕቆብም ዘር በታዝካሮ ሞት አልጠፋም። ሌላው የያዕቆብ ልጅ ፋሲለደስ የተባለው ሱስንዮስን ወለደ። ይህ የሰብለ ወንጌል የልጅ ልጅ ልጅ በልጅነቱ በኦሮሞዎች እጅ ተማርኮ በእነርሱ ዘንድ ኖረ፤ ቋንቋቸውንና የውጊያ ስልታቸውን ተማረ። የነገዳቸውም ስም ቦረና ዛሬ መካነ ሰላም ላለችበት ወረዳ መጠሪያ ሁኖ ቀርቷል። ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ገደማ ነገሠ፤ ጎንደርን የቈረቈሩት ፋሲልና ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት የጎንደር ነገሥታት ከእርሱ የተወለዱ ናቸው።